ጠላ ቀጠነ

ደብተሩን ያገኘሁት የእማዬ አርባ ከወጣ በኋላ ነው። ሳጥኗ ውስጥ፣ ከሀበሻ ቀሚሷ ሥር፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ። ባለ 32 ሉክ ነው። ሽፋኑ ከወለቀ ቆይቷል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእርሳስ፣ ፊደላቱ እየተገፋፉ፣ እንዲህ ይላል፦

«የማርያምን ጠጣን። ዳቦ ጥሩ። ጠላ ቀጠነ።»

ይኸው ነው። ቀን የለው፣ ዓመተ ምሕረት የለው። በማን ቤት እንደተጠጣም አይናገርም። እኔ ግን አውቃለሁ። የእኛ ቤት ነው። የቀጠነው ጠላም የእማዬ ነው። ይቺን ሁለት ቃል እስከ መጨረሻዋ ድረስ አልረሳቻትም። ቡና ላይ ወሬ በጠፋ ቁጥር ታነሣታለች። «ከዚያ ሁሉ ነገር መርጠው ያቺን ይጻፏት?» ትላለች። ደብተሩን ግን በሁለት ፌስታል ጠቅልላ ያስቀመጠችው እሷው ናት።

የሴቶች መንፈሳዊ ማኅበራት እንዴት እንደተጀመሩ ማንበብ እወዳለሁ። ባነበብኩ ቁጥር ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ታሪኩ የሚጀምረው ስም ከወጣ በኋላ ነው። ደንብ ከተጻፈ፣ ሊቀመንበር ከተመረጠች በኋላ። ከዚያ በፊት የነበረው ጓዳ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ እኔ ከጓዳው ልጀምር።

እማዬ ከሜጫ ገጠር ወደ ባሕር ዳር የመጣችው ጨርቃ ጨርቅ ለመቀጠር ነው። ፋብሪካው በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ከተከፈተ ወዲህ ብዙ የጎጃም ልጅ እንዲያ ብላ መጥታለች። ፈትል ክፍል ነበረች። ሥራው በፈረቃ ነው። ሌሊት የገባች ጠዋት ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ አመዳይ ተኝቶባት ትመለሳለች። ከተማው ውስጥ እናት የለ፣ አክስት የለ። ስትወልጂ ገንፎ የሚያገነፋልሽ፣ ልጅሽ ሲያተኩሰው «አምጪው፣ እኔ ልያዝልሽ» የሚልሽ ዘመድ የለም። ያለው ጎረቤት ነው። ጎረቤቱም እንዳንቺው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ የመጣ ነው።

አባዬ የሚካኤል ማኅበር ነበረው። በየወሩ በ12። ባልና ሚስት እኩል ተቀምጠው የሚጠጡት ማኅበር ሞልቷል፤ የአባዬ ግን የወንዶች ነበር። ተራው የደረሰ ወር ቤታችን ሲታመስ ይከርማል። ጌሾ ይወቀጣል፣ ብቅል ይፈጫል፣ ጋን በወይራ ይታጠናል። ቀኑ ሲደርስ ወንዶቹ ነጭ ለብሰው ሳሎን ይቀመጣሉ። ሴቶቹ ማድቤት ናቸው። ጎረቤት ሁሉ ለማገዝ ይመጣል። ጭሱ ዓይናቸውን እያነደደው እንጀራ ይጋግራሉ፣ ወጥ ያማስላሉ፣ ጠላ ይቀዳሉ። ጸሎቱን የሚሰሙት በግድግዳ በኩል ነው። «አሜን እንኳ የምንለው ሳሎን ካለ በኋላ ነው። ዘግይቶ ነበር የሚደርሰን» ትል ነበር እማዬ፣ እየሳቀች።

ታዲያ ወንዶቹ ሲበተኑ ሴቶቹ አይበተኑም። ዕቃ ይታጠባል። ከዚያ የተረፈው ዳቦ ይቆረሳል። ከጋኑ ሥር የቀረው ጠላ ይቀዳል። አንዷ በርጩማ ላይ፣ አንዷ ጄሪካን ላይ፣ አንዷ መሬት ላይ እግሯን ዘርግታ ወሬ ይጀመራል። የወንዶቹ ማኅበር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ የእነሱ እስኪመሽ ይዘልቃል። የእማዬ ማኅበር የተጀመረው እዚያ ነው። የተረፈው ላይ።

ማን እንደጀመረው ሦስት ዓይነት ወሬ አለ። እማዬ እኔ ነኝ ትላለች። ጸሐፊዋ ጓደኛዋ እኔ ነኝ ትላለች። የማኅበሩ ሙሴ (መሪ) የነበሩት፣ ዛሬ ቆብ ጭነው እማሆይ የምንላቸው እናት ደግሞ ሁለቱንም አይቀበሉም። «ማንም አልጀመረውም። ደክሞን ተቀመጥን። ተቀምጠን ቀረን» ይላሉ። እኔ የእሳቸውን ነው የማምነው።

ጊዜው የመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ታውጆ ቀበሌው ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ የሰቀለበት። የሰፈሩ ሴቶች ማታ ማታ ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ደብተሩም ከዚያው የተረፈ ነው። ከኋላ ብትገልጡት ሀ ሁ ሂ አለበት። ከፊት ሲገለጥ ደግሞ ማኅበር ነው። ደርግ ማንበብ ያስተማራቸው ለዚህ ብሎ አልነበረም። እነሱ ግን መጀመሪያ የጻፉበት ለዚህ ነው።

አባዬ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ አሉ። «ሴት ለብቻዋ ማኅበር ልትጠጣ? ማን ሊጋግርላት ነው?»

ጥያቄው ግን የምር ነበር። ለወንዶቹ የሚጋግሩት እነሱ ናቸው። ለእነሱስ? በዚህ ላይ ሁለት ወር ሙሉ ተነጋግረዋል። መጨረሻ ላይ የወጣው ደንብ ደብተሩ ሁለተኛ ገጽ ላይ አለ። «ወጥ የለም። እንጀራ የለም። ዳቦ፣ ጠላ፣ ቆሎ። ወጥ የሠራች አምስት ጧፍ።» ጧፉ መቀጫ ነው። ማለትም በማኅበሩ ቀን ድስት የጣደች ትቀጣለች! ስንት መተዳደሪያ ደንብ በሕይወቴ አንብቤአለሁ። ጭስ ውስጥ የተጻፈ መሆኑ የሚያስታውቅ ግን ይህን ብቻ ነው ያየሁት። እማዬ ስታወራልኝ ስለ ጸሎቱ ብዙም አትልም። «ተቀመጥን እኮ» ነው የምትለው። «በገዛ ቤቴ፣ እንግዳ እያለ፣ ተቀመጥኩ።»

የነፍስ አባታቸውን ለመጠየቅ የሄዱት ሦስት ሆነው ነው። አባ «ስንት ናችሁ?» አሉ። «ሰባት።» «ሐዋርያት ዐሥራ ሁለት ነበሩ።» እማሆይ ያኔም አፈ ቀላጤ ነበሩ መሰለኝ፣ «የቀሩትን እንፈልጋለን አባቴ» ብለው መለሱ። አባ ባረኩ። አለቀ።

ጽዋ ማኅበር ላላየ ሰው ጽዋዋን ላሳየው። ትንሽ የሸክላ ዕቃ ናት። አንድ እፍኝ ጠላ አይሞላትም። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ክዳን ባለው ሙዳይ ውስጥ ትቀመጣለች። ወሩን ሙሉ የምታድረው በቀጣዩ ተረኛ ቤት ነው፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ ከሥዕሉ ሥር። ልጅ እያለን እኛ ቤት ያደረች ወር ድምፃችንን ከፍ አድርገን መጣላት ክልክል ነበር። «እንግዳ አለች» ትለናለች እማዬ። በ21 ጠዋት ሙዳዩ ይከፈታል። ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ። ዳቦው በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ነው። ቅጠሉ ሲገለጥ እንፋሎቱ ፊት ይመታል፤ ታችኛው ቅርፊት ላይ የቅጠሉ ጅማት ታትሞ ይታያል። ጽዋዋ ከሙሴ ጀምራ በተራ ትዞራለች። እያንዳንዷ ትጎነጫለች፣ አፉን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ለቀጣይዋ ታቀብላለች። ጸበል ጻዲቁ ይታደላል። መጨረሻ ላይ ተረኛዋ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አመሳቅላ፣ በሁለት እጇ ትቀበላለች። እልልታ ይቀልጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሐሳቡ የእሷ ነው።

አሁን ወደ ቀጠነው ጠላ ልመለስ።

የመጀመሪያው ተራ የወጣው ለእማዬ ነው። ለሰባት ሰው ጠነሰሰች። ዳጉሳ ነበር፤ ጌሾዋም መራር ያለች፣ ድፍድፏም ወፍራም። ለሰባት ሰው የሚበቃ እንጂ አንዲት ጣሳ የሚያስተርፍ አልነበረም። ደመወዟ ይታወቃል። ጸሎቱ ሊጀመር ሲል በሩ ተንኳኳ። አራት ሴቶች ናቸው። ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጡ። ማንም አልጠራቸውም። ፈትል ክፍል ውስጥ ወሬው ተወርቷል፤ ሰምተው መጡ። ሻሻቸው ላይ ጥጡ እንዳለ ነው። አንዷ በር ላይ ቆማ «ቆመን እንሰማለን፣ አታስቡ» አለች።

እማዬ ጓዳ ገባች። ድፍድፉ ላይ አንድ እንስራ ሙሉ ውኃ ገለበጠችበት።

ከሰባት ዐሥራ አንድ የሆኑት በዚያች ደቂቃ ነው። ይህ ደብተሩ ላይ የለም። ደብተሩ ላይ ያለው ውጤቱ ብቻ ነው፦ ጠላ ቀጠነ።

ቋራጣ የሄድኩት መንገዱ እንዳሁኑ አስጊ ሳይሆን ነው። ኅዳር 17 ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረውን አንዱን የአባይ ድልድይ ተሻግረን፣ በጎንደር መንገድ እስከ ሐሙሲት፣ ከዚያ ወደ ጣና ሐይቅ ታጥፈን። እማሆይ ናቸው ይዘውኝ የሄዱት። ስለት ነበረባቸው። እኔ ምሳ ቋጥሬ ለሽርሽር ነው የሄድኩት ብል ውሸት አይሆንብኝም። ኅዳር 17 የወለተ ጴጥሮስ በዓል ነው። ቋራጣ ደግሞ ደብሯ።

ወለተ ጴጥሮስን አብዛኞቻችን የምናውቃት በአንድ ነገር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ እምቢ ያለች፣ ተዋሕዶን የጠበቀች። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1592 ገደማ ከመኳንንት ወገን ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። የተዳረችው ለንጉሡ ባለሟልና የጦር አዛዥ ለመልክአ ክርስቶስ ነው። ሦስት ልጅ ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከባሏ ቤት ወጥታ መነኮሰች። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን እምነት በይፋ ሲቀበሉ በየመንደሩ እየዞረች «አትከተሉ» አለች። ይዘው ለፍርድ አቀረቧት። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሊያሳምናት ሞክሮ አልሆነለትም። ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ዠበይ ወደሚባል በረሃ ለሦስት ዓመት አጋዟት። እ.ኤ.አ. በ1632 «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ተባለ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። ገድሏን ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1672 ነው የጻፈው፤ ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ የሚያውቋትን እየጠየቀ። እዚያ ውስጥ ከንጉሡ ጋር የተሟገተችበት ጥቂት ነው። ብዙው ቤት ማስተዳደር ነው። ሰው ይመጣባታል። ያበላል ወይ? የት ይተኛል? ማን ከማን ተጣላ? የታመመውን ማን ያስታምም? ዠበይ በረሃ ውስጥ በግዞት እያለች ሰዎች እየፈለጉ ሄደው ተሰበሰቡባት፤ የመጀመሪያው ማኅበሯ እሱ ነው። ከዚያ እየተዘዋወረች ሰባት አቁማለች። ዘጌ አንዱ ነው፣ ምጽሌ ደሴት አንዱ ነው። ወንዶችም ነበሩበት፣ የሴት ብቻ አልነበረም። ግን እናታቸው እሷ ናት። በአንድ ማዕድ ይበላሉ፤ «ይህ የእኔ ነው» ማለት የለም።

የባለሟል ሚስት የነበረች ሴት ናት። ከቤተ መንግሥት ደጅ የወጣች። ገድሉ እህል ስትፈጭና ውኃ ስትቀዳ ያሳየናል። ወፍጮ ላይ ተጎንብሳ የማታውቅ ሰው መጅ ስትይዝ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ቀን መዳፍ ነው የሚላጠው። ሁለተኛው ቀን ወገብ ነው።

ደግሞ ብቻዋን አይደለችም። እኅተ ክርስቶስ አለች። እሷም ባሏንና ልጇን ትታ የወጣች ናት። ሁለቱን ያገናኙት መነኮሳት ናቸው። ገድሉ ገና ሲተያዩ ፍቅር በልባቸው አደረ ይላል። ከዚያ ወዲያ እስከ ሞት አልተለያዩም። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1642 አርፋ ሬማ ደሴት ስትቀበር እመምኔትነቱን የተረከበችው እኅተ ክርስቶስ ናት። ብዙ ሰው ይቺን ሁለተኛዋን ሴት አያውቃትም። ማኅበር ግን በአንድ ሰው አይቆምም። ለአንድ ሰው መመነን ይበቃዋል። ማኅበር የሚሆነው «እኔም እንዳንቺ ወጥቻለሁ» የምትል ሁለተኛ ስትመጣ ነው።

ቋራጣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ይህን ለእማሆይ አወራሁላቸው። ያነበብኩትን ሁሉ፣ እንደ መምህር። ዳቦ እየቆረሱ ሰሙኝ። ከዚያ «ስንት እንጀራ ይፈጅ ይሆን?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ሰባቱ ማኅበር። በቀን።»

እኔ አላሰብኩትም ነበር። እሳቸው መጀመሪያ የመጣላቸው እሱ ነው።

ቋራጣ በኋላ ዘመን መማጸኛ ሆኗል። የንጉሥ ቁጣ የመጣበት ሰው ሸሽቶ የሚጠጋበት፤ እዚያ ከገባ አይነካም። ለእኔ ይህ ያለምክንያት አልመጣም። ገዳሙ ካረፈች በኋላ በስሟ የተመሠረተላት ሴት ራሷ የሸሸች ናት። መልክአ ክርስቶስ ሚስቱን ፍለጋ ጦር ይዞ የወጣ ሰው ነው። ከደጅ ውጭ ማደር ምን እንደሆነ ታውቃለች።

ከቋራጣ ስንመለስ ሐይቁ በስተግራችን… አይ፣ በስተቀኛችን ነበር። አቅጣጫ ላይ እንደ አባቴ ነኝ። እማሆይ በመስኮት እያዩ ስለ ክብራን ገብርኤል አነሡ። ክብራን ሴት አይገባበትም። ልጅ ሆነው በጀልባ ሲሄዱ ወንዶቹ ወጥተው ሲሳለሙ እሳቸው ጀልባዋ ላይ ቀርተዋል። ፊት ለፊቱ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን የሴቶች ገዳም ነው። «ጀልባው ላይ ሆኜ አንዱን ከሩቅ ተሳለምኩ፣ አንዱ ውስጥ ገብቼ እህል ቀመስኩ» አሉ። ቅሬታ ይኑርበት አይኑርበት ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም። እኔ ብሆን ይኖርብኝ ነበር።

እዚህ ላይ ከጣና ትንሽ ልራቅ። እንግሊዝ አገር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1876 ሜሪ ሰምነር የምትባል የቄስ ሚስት የእናቶች ኅብረት መሠረተች። ዛሬ በብዙ አገር የሚገኘው የአንግሊካኖቹ የእናቶች ማኅበር ከዚያ የመጣ ነው። ያነሣሳት የመጀመሪያ ልጇ መውለድ ነው፤ ልጇ ስትወልድ የራሷ የእናትነት ጅማሬ ትዝ አላት። ኦልድ አልረስፎርድ በምትባል መንደር፣ የሀብታሙንም የደሃውንም ሚስት ቤቷ ጠራች። ሴቶቹ መጥተው ተቀመጡ። ሜሪ ግን ፈራች። አፏን መክፈት አቃታት። ባሏን «አንተ ተናገርልኝ» አለችው። እሷ የተናገረችው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ፖርትስመዝ ላይ በትልቅ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ለተሰበሰቡ ሴቶች እንድትናገር ተጠየቀች። ተናገረች። ነገሩ በየሀገረ ስብከቱ የተዛመተው ከዚያ ወዲህ ነው።

እኔ ከጉባኤው ይልቅ ያቺን የመጀመሪያ ሳምንት ነው የምወዳት። እንግዳ ጠርተሽ፣ ወንበር ደርድረሽ፣ ሻይ አፍልተሽ፣ አፍሽ ሲደርቅ። ድርጅቱ ይህን ሳይደብቅ ሲያወራ መኖሩ ራሱ ደስ ይለኛል። የእኛ አገር ታሪክ ጸሐፊ ቢሆን «በታላቅ ድፍረት ተናገረች» ብሎ ያልፈው ነበር።

ደብተሩም አይደብቅም። ልቤ ላይ የቀረው ለዚህ ነው። አንድ ገጽ ላይ «ለእህታችን 15 ብር፣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሌሊት እኛ ቤት አንድ ሌሊት እነሱ ቤት» ይላል። ስም የለውም። ደብተሩን ሳላየው በፊት ስለ ነገሩ እማዬን ጠይቄአት ነበር በሕይወት ሳለች። ባሏ የሚደበድባት ማኅበርተኛ ናት። በየሌሊቱ ቤት እየቀየሩ ደበቋት፤ ሰውየው የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ እንዳያውቅ። ለዐሥራ አንድ ሌሊት። እኔ አንዷን ሌሊት አስታውሳለሁ። አልጋዬ ላይ ከእኔ ጋር የተኛች ሴትዮ ነበረች፣ ፀጉሯ ጥጥ ጥጥ የሚል። ጠዋት ስነሣ የለችም። «ማናት?» ስል «እንግዳ ናት» አለችኝ እማዬ። በዚያ ወር ጽዋዋ የነበረችው ሌላ ቤት ነው።

የሚያኮራውን ብቻ ካወራሁ ደግሞ ውሸታም መሆኔ ነው። ሌላ ገጽ አለ። «የአረቄ ሻጯ ጉዳይ ይታይ።» በሚቀጥለው ወር «ይታይ»። በሚቀጥለው ወር «ይታይ»። አረቄ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ማኅበር ልግባ ብላ ጠየቀች። ዝም አሏት። ጠላ የሚጠጡ ሴቶች አረቄ የምትሸጥን ሴት ተጸየፏት። ስድስት ወር ቆይቶ ነው «ገባች» የሚለው የተጻፈው። በዚያ መሐል ምን እንደተባባሉ የለም። እማሆይን ስጠይቅ «እመቤቴ ይቅር ትበለን» ብለው ወሬ ለወጡ። ስትገባ ዐሥራ ሁለተኛ ሆነች። ሐዋርያት የሞሉት በእሷ ነው። አባ ይህን ልብ ብለውት እንደሆነ እንጃ።

አምና በጥቅምት 21 ጽዋዋን እኔ ተቀበልኩ። የእማዬ ቦታ ክፍት ነበር። ከድሮዎቹ የቀሩት አራት ናቸው። ሌሎቻችን ልጆቻቸው ነን። ሽምብጥ ከሚገኘው የእማሆይ ቤት በባጃጅ ይዣት ሄድኩ፣ ሙዳዩን ጭኔ ላይ አድርጌ። ሾፌሩ ወጣት ልጅ ነው፣ ሙዚቃ ከፍቶ። በመስታወት አየኝና «ምንድን ነው የያዝሽው?» አለ። «ጽዋ ናት።» ሙዚቃውን ዘጋ። የፍጥነት መቀነሻዎቹን አንድ በአንድ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው አሻገረኝ። ሒሳብ ስሰጠው «ግማሹን ለጧፍ» ብሎ መለሰልኝ።

ቤት ገብቼ ነው ነገሩ የገባኝ። ጠላ ጠምቄ አላውቅም። ለእማሆይ ደወልኩ። «ጠላ ገዝቼ ባቀርብስ?» አልኳቸው።

«ጽዋዋንም ገዝተሽ ነይ» ብለው ዘጉብኝ።

ጠመቅሁ። ከዩቲዩብ አየሁ፣ ጎረቤት ጠየቅሁ፣ ጌሾውን ራሴ ቀጠቀጥኩ። ጋን ስለሌለኝ በፕላስቲክ በርሜል። ወይራ ፍለጋ ገበያ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። ጥንስሱ እንደ ልብ አልፈላልኝም። የኅዳር ብርድ ይሁን የእኔ እጅ፣ አላውቅም። በ20 ማታ ክዳኑን ከፍቼ ሳሸትተው ሽታው የለም። አልቅሼአለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። የእማዬን ፎቶ አይቼ «ምን ላድርግ?» አልኳት። እሷማ ምን ትላለች።

ኅዳር 21 ጽዮን ናት። ቤቱ ሞላ። ካህኑ ባረኩ። ጽዋዋ ከእማሆይ ጀምራ ዞረች። ማንም ምንም አላለም። ሁሉም ዳቦውን አመሰገኑ። እንዲህ ዳቦው ብቻ ሲመሰገን መቼም ነገሩ ይገባል።

ሲጨርሱ እማሆይ ደብተሩን አምጪ አሉኝ። የድሮውን። ከኋላ ሁለት ንጹሕ ገጽ ቀርቶታል። እስክሪብቶ ሰጡኝ።

«ጻፊ።»

«ምን ብዬ?»

«እንደቀመስሽው።»

ዙሪያውን አየሁ። አራቱም አሮጊቶች ወደ ጣሪያ እያዩ ነው። የጸሐፊዋ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ጻፍኩ፦ «የማርያምን ጠጣን። ዳቦ ጥሩ። ጠላ ቀጠነ።»

ቀኑን ግን ከላዩ አሰፈርኩት።